የጋሽ ማክቤል ደረቅ አደይ

ሰንበሌጥ ሰፈር የሚነቃው እርጥብ ጨርቅ ይዞ ነው። ገና ፀሐይ ሳትበረታ በየበረንዳው ሰው ብቅ ብቅ ይላል፤ ባልም ሚስትም ጎንበስ ብለው አደይ ይወለውላሉ። የላስቲክ አደይ አቧራ ይወዳልና ቅጠሉም አበባውም አንድ በአንድ መጠረግ አለበት። የልጁን አፍንጫ ጠርጎ የማያውቅ አባወራ የአደዩን እምብርት በጥፍሩ ጫፍ ሲያጸዳ ይታያል። ጽዳቱ ሲያልቅ ሁሉም እጁን አጣጥፎ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። ጸሎት ግን አይደለም፤ አሞራውን እየጠበቀ ነው።

አሞራ የሚሉት የክፍለ ከተማውን በራሪ ዓይን ነው። በየማለዳው ከብሎኮቹ በላይ ያንዣብብና ቢጫ ይለካል። ቢጫው የሞላ ብሎክ ውሃው ይለቀቅለታል፤ የጎደለበት ይጎድልበታል። ደንቡ ሲወጣ እንዲህ አልነበረም። ንብ ከከተማው ከጠፋች ቆይታ ነበርና፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለንብ የሚሆን የአገር አበባ ይዝራ ነበር ያለው። ሰዎቹም አጨበጨቡ፤ ዘር በእፍኛቸው ይዘው ፎቶ ተነሱ፤ አንዳንዶቹ ከስሜት ብዛት አለቀሱ። ወዲያው ደግሞ አሞራው የሚለካው ንብ ሳይሆን ቀለም መሆኑን ደረሱበት። ለሌላ ነገር የማይሠራ ጭንቅላት እንዲህ ላለው ነገር ሲሆን እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ብዙም ሳይቆይ ከተማው ክረምት ከበጋ መስከረም ሆነ።

ይህን ሁሉ ማክቤል ግራውንድ ላይ ካለው ቤቱ ደጃፍ በርጩማው ላይ ተቀምጦ በየቀኑ ያያል፤ በየቀኑም ይንቃል። ንቀት የጡረታ ሥራው ነው። ዕድሜውን የጨረሰው በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ጉዳት ገማች ሆኖ ነው። ራሳቸው ያቃጠሉትን ሱቅ እያዩ ደረት የሚደቁ ነጋዴዎችን፣ መኪናቸውን ገደል ገፍተው ሲያበቁ «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚሉ ሾፌሮችን ሲያዳምጥ ጸጉሩ ሸብቷል። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጆቹ በበዓል ይደውላሉ። የሰፈሩ ሰው ፊት ለፊት «ጋሽ ማክቤል» ይለዋል፣ ዞር ሲል «ገማቹ»። እሱም ያውቃል፤ ደስም ይለዋል።

ከቤቱ ጀርባ፣ በአጥሩ ግንብና በብሎኩ የፍሳሽ ታንከር መካከል፣ ሁለት አልጋ የማታዘረጋ መሬት አለችው። በሰፈሩ ያለው እውነተኛ አደይ እዚያች መሬት ላይ ያለው ብቻ ነው። ጀግና ሆኖ አይደለም ያበቀለው። አንድ ክረምት አረም መንቀል ሰነፈና ዝም ቢል፣ አንዲት አደይ ከግንቡ ሥር ወጥታ በመስከረም ፈካች። ደርቃ ፍሬዋን እስክትጥልም መንቀሉን አሁንም ሰነፈ። በዓመቱ በእፍኝ የምትቆጠር ሆነች፤ ከዚያ ወዲያ መሬቷን ሞላቻት። ያን ጊዜ ነው ስንፍናውን ሙያ ብሎ የጠራው። ሰኔ ላይ ብቅ ሲሉ ሌላውን አረም ይነቅልላቸዋል፤ ሐምሌ ላይ ሲተፋፈጉ ያሳሳቸዋል። መስከረም ላይ ሲፈኩ፣ ለእንቁጣጣሽ እንኳ፣ አንዲት አይቀጥፍም። ከዚያ ጥቅምት ይመጣል። አደይ ትጠወልጋለች፣ ትደርቃለች፣ ቡናማ ጭራሮ ትሆናለች። ከባዱ ሥራ ያኔ ነው፤ እጅን ሰብስቦ መቀመጥ። ጭራሮው እንደቆመ ፍሬውን መሬት ላይ ካላራገፈ ለሚቀጥለው መስከረም የሚበቅል የለም።

አንድ መስከረም ታዲያ አበባው ላይ ትንኝ ይሁን ዝንብ ያልለየላት ጥቁር ነገር አየ። እፍ አላት፤ አልሄደችም። እጁ ላይ አረፈች፤ አልነደፈችውም። እግሯን በቢጫ ብናኝ ሞልታ ስትነሣ፣ አያቱ በልጅነቱ ሲያወሩ እንደሰማው በዓይኑ ተከተላት። ከታንከሩ ጀርባ፣ ሽታው ሰው በማያስቀርብበት ጥግ፣ ትንሽ ጣት እንኳ በመከራ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረች። ገባች። ሌላ ወጣች። ማክቤል ተንበርክኮ ጆሮውን መሬቱ ላይ አደረገ።

ታዝማ ነበረች። መሬት ውስጥ የምትኖር፣ መናደፊያ ያልተፈጠረላት፣ ማሯ የማያድነው በሽታ የለም እየተባለ ጎጆዋ እየተቆፈረ ያለቀችው ታዝማ። ሰው ደርሶባት ጎጆዋን ከቆፈረው በኋላ የተረፈች ታዝማ የለችም። ይህን ስታውቅ ነው መሰል ከከተማው ሁሉ መርጣ የሰንበሌጥን ሽንት ቤት ተጠግታ ተደበቀች። ብልህ ናት። ሰው ከራሱ ቆሻሻ አጠገብ ምን ይፈልጋል?

ማክቤል የዚያኑ ዕለት ለማንም ላይተነፍስ ለራሱ ማለ። የሰፈሩን ሰው ያውቀዋላ! ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሱም ዓመታት ዝም አለ። በየጠዋቱ ሰዉ ላስቲክ ሲወለውል እሱ ከታንከሩ ጀርባ ሄዶ ቁጢጥ ይላል፤ አንዷ ስትገባ አንዷ ስትወጣ ያያል። አደዮቹ ሲረግፉ ምን ትበላ ይሆን እያለ ይጨነቃል፤ አደዮቹ ሲፈኩ ደግሞ እንደ ዳረ አባት ይንጎራደዳል። ይወዳቸው ነበር። ሰው መውደድ ያቃተው ሽማግሌ ለአንዲት ቀዳዳ መንሰፍሰፉ ያስቃል፤ ግን ይወዳቸው ነበር።

ዘንድሮ አሞራው ተሻሻለ። እስከ አምና ፊት ለፊቱን ብቻ ነበር የሚያየው፤ አሁን የብሎኮቹን ጓሮ ማየት፣ ቡናማንም እንደ ጉድለት መያዝ ጀመረ። ጥቅምት ሲገባ የማክቤል አደይ ደረቀ፤ የብሎኩም ውሃ ቀጠነ። የብሎኩ ሰዎች ምክንያቱ ላይ ለመድረስ ብዙም አልፈጀባቸው።

መጀመሪያ የመጣችው ወይዘሮ ኤልዳና ነበረች። የእድሩ ጸሐፊ ናት፤ ከበላዩ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ደግ ሴት ናት፣ ደግነቷ ግን በር ሳያንኳኳ የሚገባ ዓይነት ነው። በሁለት እጇ የላስቲክ አደይ ታቅፋለች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ይቺን አመጣሁልዎት። ዘላለም የሚሉት ነው፣ አዲሱ። ጤዛ ሁሉ አለው!»

«ምን አለው?»

«ጤዛ። ጠብታው ተለጥፎበት ነው የሚመጣው። አይደርቅም።»

ማክቤል አንዱን አበባ በጣቱ ነካው። ጤዛው ጠንካራ ነበር።

«ለመሆኑ ይሄ ምን ይበላል?» አላት።

«እንዴት ጋሼ?»

«ንብ ብታርፍበት ምን ትበላለች ነው የምልሽ።»

ኤልዳና ከልቧ ሳቀች። «ኧረ እርስዎ ደግሞ! ንብ የት አለና? ትምጣ እንጂ፣ ያኔ እናስብላታለን። አሁን አራተኛ ፎቅ አራስ አለች፣ የሕፃን ጨርቅ የምታጥብበት ውሃ አጥታ። ያንን ጭራሮ ልጆቹ መጥተው ይንቀሉልዎ፣ በሞቴ።»

«ፍሬውን ሳይጥል አይነቀልም።»

«መቼ ነው የሚጥለው?»

«ኅዳር ሲጋመስ።»

«እስከ ኅዳር ሳንታጠብ!» አለች ኤልዳና፤ ከዚያ ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ። ቀረብ ብላ ክንዱን ያዘችው። «ጋሼ… ምሳ በልተዋል?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወሬው ተነዛ። ጋሽ ማክቤል ጃጅተዋል። ከደረቀ ሣር ጋር ያወራሉ፣ ሽንት ቤት ጀርባ ቁጢጥ ብለው ይውላሉ፣ ንብ ትራባለች ብለው ይጨነቃሉ። ሰዎቹ ቢሰድቡት ኖሮ በቻለው፤ ስድብ ይወዳል፣ መልስ አለው። እነሱ ግን አዘኑለት። ያልጠየቀው ምግብ በሳህን ተከድኖ ይመጣለት ጀመር። ደረጃ ላይ ሲያገኙት ደንቆሮ ይመስል ጮክ ብለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየረገጡ ሰላም ይሉታል። ላስቲክ ሲያጥብ የሚያረፍድ ሰው እሱን እንደ እብድ ሲያየው ማክቤል ውስጡ ይንጨረጨር ነበር። ቢሆንም አፉን ዘጋ። በቀን በቀን ወደ ቀዳዳዋ ሄዶ ሲያይ ንዴቱ ይበርድለታል።

በእሑዱ እድሩ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ተሰበሰበ። ጉዳዩ አንድ ነበር፤ የማክቤል ጭራሮ። ሊቀመንበሩ አቶ ናታኒም፣ ገና አፉን ሳይከፍት እጁን ደረቱ ላይ የሚያደርግ፣ ለቀብርም ለሠርግም አንድ ዓይነት ከረባት የሚያስር ሰው፣ ተነሣ።

«ጋሼ አባታችን ናቸው» አለ። «ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገራቸው። እርጅና ለማንም አይቀርም። እኔ የምለው፣ ጭራሮውን ወጣቶቹ በክብር ይንቀሉላቸው፤ በምትኩ እድሩ ዘላለሙን ይትከልላቸው። ለእሳቸውም በየቀኑ ብቅ እያለ የሚያያቸው፣ መድኃኒታቸውን የሚያስታውሳቸው ሰው እንመድብ።»

«መድኃኒት አልወስድም» አለ ማክቤል ከመቀመጫው።

«አዎ ጋሼ፣ አዎ» አለ ናታኒም ቀስ ብሎ፣ ለሕፃን እንደሚባለው።

ከኋላ አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ መኪና ማቆሚያው በሙሉ ከንፈር መጠጠ።

ማክቤል የቻለውን ሁሉ ችሎ ነበር፤ ይህን አልቻለም። ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ።

«ጃጅቻለሁ አይደል?» አለ። «ደህና! እናንተ ላስቲክ ስትወለውሉ፣ ለላስቲክ ጤዛ ስትለጥፉ፣ የጃጀው ሰውዬ ታዝማ ሲያኖር ነበር!»

«ምን?» አለ አንዱ።

«ታዝማ! ታዝማ! የት አለች ስትሉ የነበረችው ንብ እዚሁ ናት። ያንን አደይ እየቀሰመች፣ ከእግራችሁ ሥር፣ ዓመታት! አገሩ ሁሉ ያጣትን እኔ በሁለት ክንድ መሬት አኖርኳት። ጭራሮ የምትሉት ዘሩን የሚጥለው ቀለቧ ነው። እሱን ነቅላችሁ ጨርቅ እጠቡበት!»

ጸጥታ ሆነ። ማክቤል በሕይወቱ ሙሉ ተናግሮ እንዲህ ያለ ጸጥታ አግኝቶ አያውቅም። ጣመው። ስለጣመውም ቀጠለ፤ እንዴት እንዳገኛት፣ እንዴት እግሯ በቢጫ እንደሚሞላ፣ እጁ ላይ አርፋ እንዳልነደፈችው፣ ሁሉን ዘረገፈው። ኤልዳና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አያት፤ የናታኒም አፍ እንደተከፈተ ቀርቶ ነበር። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ፣ በጣም ትሁት በሆነ ድምፅ፣ «ከታንከሩ በየት በኩል ነው ጋሼ?» ብለው ጠየቁት።

«በግራ» አለ ማክቤል፣ ልቡ እንዳበጠ። «ከቧንቧው ሥር።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሱ ግን በዚያች ሰዓት አፋፉ አልታየውም። እልልታው ቀለጠ። ናታኒም መጥቶ ትከሻውን ሳመ። ጭራሮው እንዳይነካ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ የጎደለውን ቢጫ ለማሟላት እያንዳንዱ ፎቅ አንድ እቅፍ ላስቲክ እንዲጨምር ተስማሙ። ይህን ከመጀመሪያውም ማድረግ ይቻል እንደነበር ማንም አላነሣም። አራሷ ሳትቀር ልጇን ታቅፋ መጥታ እጁን ጨበጠችው።

ማክቤል ወደ ቤቱ የገባው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ሰው አይናቅም፣ ብሎ አሰበ። ይነገረው እንጂ ይገባዋል። ዕድሜ ልኩን ያለቀሰን ሁሉ ሲጠረጥር ኖሮ፣ እንባ ያመነው ያን ዕለት ብቻ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ወጣቶቹ አደዩን በገመድ አጠሩለት፤ ሕፃናት እየመጡ ከገመዱ ውጭ ቆመው አዩ። ደረጃ ላይ ሲያገኙት ማንም አይጮኽበትም። ቅዳሜ ጠዋት ጸጉሩን ሊስተካከል ወጣ፤ ሰው የሚያየው ሰው መሆኑ ትዝ ብሎት።

ሲመለስ ከሩቅ የእድሩን ድንኳን አየ። ማን ሞተ? ብሎ እርምጃውን አፈጠነ። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ሰልፉም ሥርዓት ያለው፣ ማንም ማንንም የማይገፋበት፣ ሽማግሌዎች ከፊት፣ ሁሉም ኩባያ የያዘ። ከታንከሩ ጀርባ ቀይ አፈር ተቆልሏል። ጉድጓዱ ሰው ቢቆምበት ትከሻው ድረስ ይውጠዋል። ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች በሰዉ ጸጉር፣ በኩባያው ጠርዝ፣ በድንኳኑ ሸራ ላይ መግቢያ እንደጠፋበት ሰው ይርመሰመሱ ነበር። ሕፃናት ከእጃቸው ላይ እያነሡ ይስቃሉ። «አትናደፍም! እዩዋት፣ አትናደፍም!»

ናታኒም እጅጌውን ሰብስቦ፣ ከረባቱ በጭቃ ተለውሶ፣ ጭልፋ ይዞ ቆሟል። ማክቤልን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ጋሼ! አበባዎትን አንዲት ጭራሮ እንኳ አልነካንም!» አለ። «ገመዱን ማንም እንዳይረግጥ ጠባቂ አቁመን ነው የቆፈርነው። ይዩት!»

እውነቱን ነበር። አደዩ እንደቆመ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ ፍሬው መሬት ላይ ይራገፋል። ማክቤል አደዩን አየ፣ ጉድጓዱን አየ። ሊጮኽ ፈለገ፤ ሊማታ ፈለገ። ሁሉም ግን እንዲህ ባለ ፍቅር ያዩት ነበርና የትኛውን እንደሚመታ ጠፋው። ስፍራውን ደግሞ ያሳያቸው ማነው? በግራ፣ ከቧንቧው ሥር። ጉድጓዱ አፋፍ ሄዶ ቁጢጥ አለ፤ ደግፈው ወስደው ድንኳኑ ውስጥ ያዘጋጁለት የክብር ወንበር ላይ አስቀመጡት። የደከመው ከደስታው ብዛት መስሏቸው አጨበጨቡለት።

«እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ እኮ እንዲሁ መሬት በልቶት ይቀር ነበር!» አለች ኤልዳና። ኩባያና ማንኪያ ይዛ ፊቱ ቁጢጥ አለች። ማሩ ስስና ጠቆር ያለ ነው፣ ከላዩ አንዲት ታዝማ ክንፏ ተጣብቆ ትንፈራገጣለች። ኤልዳና በጣቷ ጫፍ አወጣቻትና በቀሚሷ ጠረገቻት። «የርስዎን መጀመሪያ ነው ያስቀመጥኩት፤ ከሁሉም ሰው ይበልጣል። አፍዎን ይክፈቱ ጋሼ።»

ራሱን ነቀነቀ።

«በሞቴ! እምቢ አይሉኝም። ካላጎረስኩዎት አልነሣም።»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ ያየው ነበር። ማክቤል አፉን ከፈተ። ማሩ መጀመሪያ ኮምጠጥ አለ፣ ከዚያ ጣፈጠ፤ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ቀምሶ አያውቅም። ይህን ማወቁ አቃጠለው። ሊተፋው አሰበ፣ ምላሱ ግን አልታዘዘውም።

ኤልዳና ማንኪያውን ደግማ ሞላች። ስታጎርሰው እሱ እንደገና አፉን ከፈተላት።

«ጋሼ» አለች፣ ከንፈሩን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «የሚቀጥለውስ መቼ ነው የሚደርሰው?»

ሰዉ ኩባያውን ይዞ ጠበቀ፤ መልሱን ለመስማት ሕፃናቱም ሳይቀሩ ቀረብ አሉ። ማክቤል ወደ ጉድጓዱ ዞሮ አየ። አፉ ሞልቶ ነበር።